ቢላ የያዘችው ሠራተኛ

ጡረታ ወጥቻለሁ ስላቸው የሚስቁብኝ አሉ። «ለፊልም ተርጓሚ ደግሞ ጡረታ ማን ሰጠው?» ይሉኛል እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ያሉ ወዳጆቼ። ይሳቁ! እኔ ከድር ከሰላሳ ዓመት በላይ በህንድ ሰው ሳቅ ስቄ፣ በህንድ ሰው ለቅሶ አልቅሼ፣ በአንድ ጉሮሮ አማትም ምራትም፣ ሽፍታም ፖሊስም ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ልጆቹ ስልካቸውን ነካ አድርገው ጽሑፉን ከሥር ያነባሉ። ያንብቡ፣ አልቀየምም። ግን ጽሑፍ ሰው አስደንግጦ ያውቃል? እኔ አስደንግጫለሁ። ወላሂ፣ በዕድሜው ሙሉ ደንግጦ የማያውቅ ሰው አስደንግጫለሁ! ይህንን ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል።

ሥራውን የጀመርኩት ሻሸመኔ፣ አንድ የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። እኔ በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ማይክ ይዞ የሚቀመጠው ጋሽ ሙዘሚል ነበር። ሂንዲውን የለቀመው ከአንድ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሯቸውን እየኮተኮተላቸው። ሒሳቡን ወደቀ፣ ቋንቋውን አለፈ። እኔን ደግሞ እሱ አስተማረኝ። ክፍያው ያው የቪዲዮ ቤት ክፍያ ነው፣ ሻይና ፓስቲ ከተረፈ እሰየው ነው።

የጋሽ ሙዘሚል ሕግ አንድን ፊልም ሦስት ጊዜ ማየት ነው። አንዴ ድምፁን ዘግቶ ያያል፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል ለማወቅ። አንዴ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ይሰማል። ሦስተኛውን ፊልሙን አይቶ ከማያውቅ ሰው ጋር ይቀመጣል፣ ያኔ የሚያየው የሰውየውን ፊት እንጂ ፊልሙን አይደለም። «የት ጋ ዝም እንደምትል የሚነግርህ የሰው ፊት ነው» ይለኝ ነበር። ሦስቴ ሳያይ ማይክ ጨብጦ አያውቅም፤ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ፀጉሩን ቢነጭም እሱ እቴ!

አስፈሪ ፊልም ሲሆን ደግሞ ሌላ ሕግ ነበረው። ከታዳሚው ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ግማሹ ክርስቲያን። «ጅኒ» ካልክ አንዱ ወገን አዑዙ ቢላሂ ይላል፣ «ሰይጣን» ካልክ ሌላው ያማትባል፣ ፊልሙ ቀረ፣ ጸሎት ሆነ ማለት ነው! ጋሽ ሙዘሚል ስም አይሰጣትም። ማይኩን ወደ ከንፈሩ ጠጋ አድርጎ፣ «ያቺ ነገር... መጣች» ይላል። በቃ! ወንበር ይገለበጣል፣ ሰው ከሰው ላይ ይወጣል። እሱ ራሱ ግን ቅንጣት አይፈራም። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ አለ፣ እኛ ወንበር ሥር ስንገባ እሱ ማይኩን ራቅ አድርጎ ቀሽ ቀሽ ያደርጋል። ቆሎውን መቆርጠም ካላቆመ ፊልሙ አልያዘውም። አቁሞ ደግሞ አያውቅም።

ጆሃንስበርግ እሱ ቀደመኝ፣ እኔ ተከተልኩት። የመንገዱንና የወረቀቱን ጣጣ አላወራም፣ እዚህ ያለ ሁሉ የራሱ አለው። በሳምንቱ ቀናት ክሊፕታውን በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ሱቅ ከፍቼ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ፎርድስበርግ አንድ ህንዳዊ ባለ ሱቅ ጓዳ ገብቼ በዲስክ ላይ አማርኛ እቀዳለሁ። ከሥልጤውም፣ ከሀዲያውም፣ ከከንባታውም የመጣው ወገን የሚግባባው በአማርኛ ስለሆነ ዲስኩ እንደ ትኩስ ዳቦ ነበር የሚሄደው። ጋሽ ሙዘሚል ዮቪል ሰፈር ቤት ተከራይቶ እትዬ ራህመትን አገባ። እትዬ ራህመት ከቤይሩት የመጣች ሴት ናት። ስለ ቤይሩት ግን ትንፍሽ አትልም፣ እኛም አንጠይቃትም።

እንግዲህ ያ ፊልም መጣ።

የህንድ አስፈሪ ፊልም ነው፣ ግን ምኑ የህንድ ነው? ፈረንጆቹ ስንት ዘመን የሠሩትን ማስፈራሪያ ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ከቶ አምስት ዘፈን ጨመረበት! የልጅቷ አልጋ ከነልጅቷ ይነሳል፣ ይሄ ከአንዱ ፈረንጅ ፊልም ነው። ቴሌቪዥኑ ለብቻው በርቶ ይንሾካሾካል፣ ይሄ ከሌላው። በር በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ ይሄም ከሌላ። የፈረንጅ ቄስ በነበረበት ቦታ የህንድ መነኩሴ ገብቷል፣ በረዶው ዝናብ ሆኗል። እኔ ደግሞ ፈረንጆቹን ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፤ እያንዳንዱን ሳውቀው እንደ ልጅ ነበር የምዘለው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ትንሽ ልጁን ይዞ ተራራ ላይ ያለ አሮጌ ቤት ይገባል። ቤቱ ውስጥ ዘፈን የምትዘፍን ቆንጆ አክስት አለች። ጎሪ የምትባል አንዲት የማትስቅ ሠራተኛም አለች። ጎሪ ሲመሽ ቢላ ይዛ የልጅቷ በር ላይ ትቆማለች።

በዒድ ማግሥት ፎርድስበርግ አዳራሽ ተከራይተን ለወገኑ በቀጥታ ልተረጉም ተስማማሁ። ዲስኩ የደረሰኝ ግን በዚያው ቀን ጠዋት ነው፤ መጀመሪያውን ብቻ ገረፍ አድርጌ አይቼ ሄድኩ። ጋሽ ሙዘሚል ከእትዬ ራህመት ጋር መጥቶ ፊት ወንበር ተቀመጠና ጠራኝ።

«ስንቴ አየኸው?»

«ጋሼ፣ ይሄንን እኮ በፈረንጅኛው አይቼዋለሁ! ሙልጭ አድርገው ነው የወሰዱት።»

«እኔ የጠየቅኩህ ይሄንን ስንቴ አየኸው ነው።»

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ድፍረቴ! ቤቱንና ልጅቷን በወሰዱበት የፈረንጅ ፊልም ያቺ ነገር ሠራተኛዋ ነበረች። ስለዚህ ገና ጎሪ ብቅ ስትል ድምፄን አሻከርኩት። «ልጄ፣ አትፍሪ፣ እዚህ ነኝ» ስትል እኔ «ልጄ፣ አትፍሪ፣ ተራሽ ደርሷል» አልኩ። ዝም ባለችበት ሁሉ ከራሴ እየጨመርኩ ሳናግራት ሁለት ሰዓት ሞላ። አዳራሹ «ያቻት! ቢላዋን እዩ!» እያለ ይንጫጫል። እኔም ጭብጨባ ሲሰማ ልቤ አበጠ።

የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ፊልሙ ፈረንጆቹን ጥሎ ወደ ራሱ መንገድ ታጠፈ። ያቺ ነገር ለካ ዘፋኟ አክስት ኖራለች! ጎሪ ቢላ ይዛ የምትቆመው አክስቲቱ እንዳትገባ ነው። ልጅቷን አቅፋ፣ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ሞተች። የሚያስለቅስ ቦታ ነው፣ ድንጋይ ያስለቅሳል። አዳራሹ ግን በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ክፉ ያደረግኋት ሴት ድንገት ደግ ስትሆንባቸው ምን ያድርጉ?

ያልሳቀችው እትዬ ራህመት ብቻ ነበረች። ተነስታ ወደ እኔ መጣች።

«ቤይሩት የእመቤቴ ቀለበት ጠፋ» አለችኝ። «ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። አረብኛ አልችልም ነበር። እኔ አልወሰድኩም አልኩ። አስተርጓሚው ‹ወስጃለሁ ትላለች› አላቸው። ስምንት ወር ታሰርኩ። አንተ ደግሞ ዛሬ ያቺን ሴት ያላለችውን አናገርካት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ሙዘሚል የማይኩን ገመድ በክርኑ ላይ ቀስ ብሎ ጠቀለለ። «ሁለተኛ ድምፅህን አልሰማም» አለኝና ሚስቱን ይዞ ወጣ።

ቃሉንም ጠበቀ። ሱቅ ውስጥ የእኔ ዲስክ ከተከፈተ ይወጣል። መንገድ ላይ ሰላምታ አይነፍገኝም፣ ስለ ሥራ ግን አንዲት ቃል አያወጣም። እኔ መተርጎሜን አልተውኩም፣ ስሜም ወጣ፣ ሰውም ወደደኝ። ግን አንድም ፊልም ጨርሼ «ጋሼ ቢሰማው ምን ይል ነበር?» ሳልል ቀርቼ አላውቅም። ዓመታት በዚህ ሄዱ።

ኮሮና ገባ። ከተማው ተዘጋ። ክሊፕታውን ገበያው ጭር አለ፣ ብርድ ልብሶቼ ከነላስቲካቸው ተቆልለው ቀሩ። አንድ ጠዋት እትዬ ራህመት ደወለችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ደውላልኝ አታውቅም።

«ከድር፣ ሰውየው ሊሞትብኝ ነው።»

«ምነው? ኮሮና ያዘው?»

«ኮሮናስ በስንት ጣዕሙ! ዝም አለብኝ።»

የስኳር በሽታው ዓይኑን ሲበላው ከርሟል። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮው በወረርሽኙ ተገፋ፣ ደግሞ ተገፋ፣ በመሃል ብርሃኑ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ግድግዳ ዞሮ ይቀመጣል አለችኝ። ምግብ አፉ ላይ ይንከራተታል። «ለእኔ ፊልሙ አልቋል» ብሏት ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም።

«ያንን ፊልም ተርጉምለት» አለችኝ።

«የቱን?»

የቱን እንደሆነማ አውቄዋለሁ።

«እትዬ፣ ድምፅህን አልሰማም ብሏል እኮ።»

«እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ብቻ ያቺን ሴት በትክክል አናግራት። እሱም ይሰማል፣ እኔም እሰማለሁ።»

ስልኩን እንደዘጋሁ ፎርድስበርግ ሄድኩ። ህንዳዊው ባለ ሱቅ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልሎ በመስኮት አቀበለኝ። ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ድምፁን ዘግቼ አየሁት። ጉድ ነው! ጎሪ በሩ ላይ ስትቆም ፊቷ ወደ ኮሪደሩ ነው፣ ጀርባዋ ወደ ልጅቷ። ሊገድል የመጣ ሰው ጀርባውን ይሰጣል? ያን ቀን ዓይኔ የት ነበር? ቀጥሎ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰማሁት። አክስቲቱ ስትዘፍን ከበስተኋላ የሚጮሁት ፌንጣዎች ዝም ይላሉ። በአምስቱም ዘፈን! ፈረንጆቹም ያላሰቡት ነገር ነው፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጋሼ ስለማያይ ሥራው እጥፍ ሆነ። ቃሉን ብቻ መተርጎም አይበቃም፣ ሰው የሚያየውንም መንገር አለብኝ፣ ግን ከንግግር ንግግር መሃል ባለችው ትንፋሽ ውስጥ። «ቢላው እጇ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች።» በቃ፣ ይኸው ነው የሚቻለው። አንዲት ቃል ካስረዘምክ በሚቀጥለው ሰው አፍ ላይ ትወድቃለህ። እያንዳንዷን ክፍተት በትንፋሽ እየለካሁ፣ ሠርቶ ማፍረስ፣ ሠርቶ ማፍረስ። ስንት ሳምንት እንደፈጀብኝ አልቆጠርኩም።

ሦስተኛውን ከማን ጋር ልይ? የምኖርበትን ሕንፃ የምትጠብቀው ማማ ቶኮ ትዝ አለችኝ። ሂንዲም አማርኛም አታውቅም። በር ላይ ወንበር አደረግሁላት፣ ማስክ አድርጋ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እኔ በአማርኛዬ እተረጉማለሁ፣ ዓይኔ ፊቷ ላይ ነው። ያቺ ነገር ስትመጣ በዙሉኛዋ «ሃይቦ!» ብላ ጮኻ ከነወንበሩ ኮሪደር ላይ ተገኘች። ማስኳ አገጯ ላይ ወርዷል። አቤት ደስታዬ!

ቀኑ እሑድ ነበር፣ ከዙህር በኋላ። ክረምቱ ገብቶ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የዱቤ ገንዘቤን ለመልቀም ሎኬሽን ለሎኬሽን፣ ከአንዱ የጥቁሮች ሰፈር ወደ ሌላው፣ ስዞር ስለከረምኩ ስኳር ያለበት ሽማግሌ ቤት መሄድ አልደፈርኩም። ስለዚህ በስልክ ሆነ። ክሊፕታውን የተዘጋው ሱቄ ውስጥ ብርድ ልብሶቹን ዙሪያውን ከምሬ፣ ቴሌቪዥኑን መሃል አድርጌ ደወልኩ። እትዬ ራህመት ስልኩን ጆሮው አጠገብ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ስንቴ አየኸው?» አለ።

ድምፁ አርጅቷል።

«ሦስቴ፣ ጋሼ።»

«ሦስተኛውን ከማን ጋር?»

«ከሕንፃው ዘበኛ ጋር። ዙሉ ናት።»

«ጮኸች?»

«ጮኸች።»

«በል ጀምር።»

ጀመርኩ። አልጋው ተነሳ፣ ቴሌቪዥኑ ተንሾካሾከ። ብዙም ሳይቆይ ከስልኩ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። ቀሽ ቀሽ። ቆሎ! በአንድ በኩል ደስ አለኝ፣ ሰውየው እየበላ ነው። በሌላ በኩል ተናደድኩ፣ ፊልሙ አልያዘውም። «ይሄ ከፈረንጅ ነው» ይላል በመሃል እየቆረጠመ። «ይሄም ከፈረንጅ ነው። ሌቦች!» ጎሪ በሩ ላይ ቆመች። «ልጄ፣ አትፍሪ፣ እዚህ ነኝ» አለች፣ እኔም ያንኑ አልኩ። እትዬ ራህመት ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ስትይዝ ሰማሁ። ቆሎው ግን ቀጠለ። ቀሽ ቀሽ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሊሞላ ሆነ።

የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሊጀምር ሲል ድርግም! መብራት ጠፋ። ሎድ ሼዲንግ፣ በየሰፈሩ በፈረቃ መብራት የሚቋረጥበት ጣጣ! ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ሱቁ በሩ ዝግ ስለነበር ድቅድቅ አለ። እጄ ላይ የቀረው ስልክ ብቻ ነው። ያ ጉደኛ ግማሽ ሰዓት፣ ያዋረደኝ ግማሽ ሰዓት፣ ያለ ፊልም ቀረሁበት!

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ጋሽ ሙዘሚል።

መብራት ሄደ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ሦስቴ አይቼዋለሁ እኮ! እያንዳንዷን ትንፋሽ አውቃታለሁ።

«ጋሼ፣ ዝምታው የፊልሙ ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በጨለማው ውስጥ እኔ ራሴ ፊልሙን ሆንኩ። አክስቲቱን በቀጭን ድምፅ ዘፈንኩ፣ ከንፈሬን አሹዬ ፌንጣ ሆንኩ፣ ዘፈኑ ሲጀመር ፌንጣውን ዝም አሰኘሁት። ዝናቡን በጣቶቼ ካርቶን ላይ አወረድኩ። አክስቲቱ በኮሪደሩ መጣች። የብርድ ልብሱን ላስቲክ ዚፕ ይዤ ቀስ... ቀስ... እያልኩ ሳብኩት። ጥፍሯ በግድግዳው ላይ እየሄደ ነው። በብርድ ላቤ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ድንገት አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከስልኩ ቀሽ ቀሽ የሚለው የለም።

አላቆምኩም፣ እንዴት ላቁም! አክስቲቱ በሩ ጋ ደረሰች። ጎሪ በሩን በጀርባዋ ዘጋች፣ ልጅቷን አቀፈች። እዚህ ላይ ጎሪ የምትለው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እኔም ያቺኑ ብቻ አልኩ፣ ሳላሻክር፣ ሳልጨምር፦

«ልጅቷን አልሰጥሽም።»

ከዚያ ዝም አልኩ። ፊልሙ እዚያ ቦታ ላይ ረጅም ዝምታ አለው፣ በትንፋሽ ለክቼዋለሁ። በዝምታው መሃል እትዬ ራህመት ስታለቅስ ሰማኋት። «እንዲህ ነው ያለችው» አለች። «እንዲህ ብቻ ነው ያለችው።» እኔም በጨለማው ፊቴን ብርድ ልብስ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ።

ያለፈውን በደል አጠፋሁ አልልም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ግን ሥራው ገና አላለቀም ነበር። ጎሪ ሞታለች፣ በሩን የሚጠብቅ የለም። ጋሽ ሙዘሚል እንዳስተማረኝ ስልኩን ወደ ከንፈሬ ጠጋ አድርጌ፣

«ያቺ ነገር...» አልኩ፣ «ገባች።»

«ራህመት!» የሚል ጩኸት ጆሮዬን ሊበጥሰው! ቆሎው ወለሉ ላይ ሲበተን ሰማሁት። «ራህመት! መብራት አብሪ!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ?» አለች እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ለአንተስ መብራቱ ምን ሊያደርግልህ?»

«አብሪ አልኩሽ! በሩ ጋ ናት!»

ነጠላ ጫማዋ ጠብ ጠብ እያለ ሄደ። ማብሪያው ቀጭ ሲል በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።

«በራ?» አለ።

«በራ፣ አይዞህ» አለችው።

ማይኬን ሰቅዬ ጡረታ የወጣሁት የዚያን ዕለት ነው።